በዋርካው ሥር የተጣለ ድንኳን

የኦቦ ዱሬሳን አስከሬን ያገኙት እሁድ ጠዋት ኳስ ሊጫወቱ የመጡ የክር ፋብሪካ ወጣቶች ናቸው። ኳሷ ተጠልዛ ትልቁ ዋርካ ሥር ገባች፤ ሊያመጣት የሮጠው ልጅ ባዶ እጁን እየጮኸ ተመለሰ። የመናፈሻው ጠባቂ በሁለት ሥሮች መካከል በጎናቸው ተጋድመዋል። ካኪ ካፖርታቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል። ማጅራታቸው ላይ ያለው ደም ደርቆ ጠቁሯል።

ኢንስፔክተር አስካለማርያም ስትደርስ ወጣቶቹ ራቅ ብለው፣ ጀርባቸውን ለሬሳው ሰጥተው፣ ክብ ሠርተው ቆመው ነበር። መንገደኛ እንዳያያቸው መከለላቸው ነው።

«ማን ነው የሸፈናቸው?» አለች፣ ፊታቸው ላይ የተጣለውን ማልያ እያየች።

«እኔ ነኝ» አለ አንዱ፣ ራቁት ደረቱን በክንዶቹ አቅፎ። «ዝንብ እንዳያርፍባቸው ብዬ።»

«ሌላ የነካችሁት ነገር አለ?»

«ኳሳችንንም አላነሣን።»

አስካለማርያም የአቃቂ ልጅ ነች። አባቷ በባቡር ጣቢያው ሲሠሩ ነው የወለዷት። ከዋርካው በቀር በዚህ መናፈሻ ያለውን ዛፍ ሁሉ፣ ዝግባውንም ወይራውንም ሾላውንም፣ የተከሉት አባቷና የሥራ ጓደኞቻቸው ናቸው፤ ዋርካው ግን ከሐዲዱም ከሰዉም በፊት የነበረ ነው። ባቡሩ ቀረ፤ ሐዲዱ ዛገ፤ ዛፎቹ ከረሙ። አሁን በአንድ በኩል የመጋዘን ግንብ፣ በሌላው በኩል አዲስ ኮንዶሚኒየም፣ ከፊት ለፊት የከባድ መኪና ሰልፍ ከቦታል። ሽማግሌ የሚጠለልበት፣ ልጅ የሚሮጥበት ሌላ መሬት በሰፈሩ አልቀረም።

«አለቃ፣ ይኸን ተመልከቺ» አለ ሳጅን አሻግሬ ከዋርካው ጀርባ። አሻግሬ ጡረታው የደረሰ፣ ቀልድ ከአፉ የማይጠፋ ሰው ነው።

የዋርካው ልጥ ከግንዱ ወገብ ላይ በስንዝር ስፋት ተልጧል። ቁስሉ ግንዱን ግማሽ ድረስ ዞሮ በድንገት ቆሟል። ወተት የመሰለው ሙጫ ወርዶ ወርዶ ረግቷል።

«ሦስቱ ሾላዎችም እንዲህ ተደርገው ነው የደረቁት» አለ አሻግሬ። «ዙሪያውን ከላጥከው ዛፍ ቆሞ ይሞታል። ልክ እንደ ጡረተኛ።»

አስካለማርያም አልሳቀችም። ሐሙስ ከከተማው አንድ ኮሚቴ እንደሚመጣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ቦታው በመናፈሻነት ይጽና ወይስ ለባለሀብት በሊዝ ይሰጥ የሚለውን ዓይቶ የሚወስነው እሱ ነው። ዛፉ ለምልሞ ካገኙት መናፈሻ ነው። ደርቆ ካገኙት ባዶ መሬት ነው።

አስከሬኑ መኪና ላይ ሲጫን የዕድሩ ጥሩምባ ከወደ ቤተክርስቲያኑ ተሰማ። ረጅም፣ የሚያቃስት ድምፅ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የባቡር ሰፈር ዕድር ሊቀመንበር አቶ ሀብተሚካኤል ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ደረሱ። መኪናው አጠገብ ቆመው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አስካለ ልጄ፣ ሬሳውን መቼ ትሰጡናላችሁ? ዱሬሳ ዘመድ የለውም፤ ዘመዱ እኛ ነን።»

«ሆስፒታሉ እንደጨረሰ፣ ጋሽ ሀብቴ።»

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ለባሏ ለቅሶ ድንኳን የጣሉት እኚህ ሰው ናቸው። ካስማውን በገዛ እጃቸው ሲመቱ አይታለች። ስለዚያ ቀን ከማንም ጋር አታወራም፤ ይህን ግን አትረሳም።

*

«ትናንት፣ ጀምበር ከጠለቀች ወዲያ ብዙ ሳይመሽ» አለ ሐኪሙ በስልክ። «በከባድ ብረት። ስለት ያለው አይደለም።»

በመናፈሻው በር ላይ ያለው ሱቅ የሀይረዲን ነው። ሀይረዲን ከስልጤ መጥቶ እዚያች ሱቅ ውስጥ ነው የጎለመሰው፤ መናፈሻው እንዳይነካ የሚሟገቱ ነዋሪዎች ሁሉ የሚሰበሰቡት እሱ በር ላይ ነው።

«ትናንት አይተሃቸዋል?» አለችው።

«አይቻቸዋለሁ፤ ገርሞኛልም» አለ፣ ሚዛኑን ወደ ጎን እየገፋ። «እሳቸው እኮ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ስኳር ሲፈልጉ እንኳ በጣታቸው ነው የሚያሳዩኝ። ቅዳሜ ግን ሰፈሩን ሲዞሩ ዋሉ። እዚህ ደጃፌ ላይ ቆመው ‹ለአቦ ንግሥ ዝቋላ መሄዴ ነው! በእግሬ! መናፈሻውን ለእግዜር ትቼዋለሁ!› ብለው ጮኹ። ያልሰማ የለም።»

«ሄዱ?»

«ዱላና ኮዳ ይዘው ሲወጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ሲመለሱ አላየሁም።»

አሻግሬ ከሱቁ ሲወጡ፣ «ዝቋላ የሄደ ሰው ዋርካ ሥር ምን ያደርጋል?» አለ።

«የሚጠብቀው ሰው አለ» አለች አስካለማርያም። «ዛፎቹን የሚልጠውን ሰው ሊይዙት ነበር። መናፈሻው ባዶ ነው ብሎ እንዲመጣ ነው የጮኹት።»

«ስለዚህ ገዳዩ ያንን ጩኸት የሰማ ነው።»

«ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል ተባልክ እኮ።»

*

ከመናፈሻው አጥር ማዶ፣ ቦታውን በሊዝ የጠየቀው ባለሀብት የያዘው መሬት አለ። ቢሮው ኮንቴይነር ነው። ውስጡ የተቀመጠው ሥራ አስኪያጁ ዘካሪያስ ሽቶው ከበር ይቀበላል።

«ያሳዝናል» አለ፣ ወንበር እየሳበ። «ግን ኢንስፔክተር፣ ለማን ነው የሚገርመው? ያ ቦታ የዱርዬ ማደሪያ ነው። ሐሙስ ለሚመጡት ሰዎች አንድ ሬሳ ብዙ ያስረዳል።»

«ባለፈው ሳምንት ከሟቹ ጋር ተጣልተሃል።»

«እሳቸው ናቸው በዱላ ያባረሩኝ! ሜትር ይዤ ስገባ። አንድ ጥበቃ፣ በዱላ፣ እኔን!»

«ትናንት ምሽት የት ነበርክ?»

ፈገግ አለ። «ቢሾፍቱ። ሚዜ ነበርኩ። ቪዲዮው አለ፤ ዳንሴን ካላፈርሽበት እዪው።»

ቪዲዮውን ኋላ አዩት። ጀምበር ስትጠልቅ ዘካሪያስ ከሐይቁ ዳር እስክስታ ይወርዳል። አሻግሬ ሁለቴ አይቶ፣ «እስክስታውን ገድሎታል፤ ሽማግሌውን ግን አልገደለም» አለ።

ከኮንቴይነሩ ልትወጣ ስትል ግን ዘካሪያስ፣ «እርስዎ የሰፈሩ ሰው ሁሉ መናፈሻ የሚወድ ይመስልዎታል አይደል?» አለ። ከአንቺ ወደ እርስዎ ማለፉ የሹፈት ነው። «ልማት የሚፈልጉ ትልልቅ ሰዎች አሉ። የተከበሩ።»

«እነማን?»

«የሰው ስም አልጠራም።»

*

ከሰዓት በኋላ ፖሊሶቹ ኦልጅራን ይዘውት ቆዩ። ኦልጅራ ጭነት አውራጅ ነው፤ በትርፍ ጊዜው ከመናፈሻው የወደቀ ጭራሮ ለቅሞ ይሸጣል። ከላስቲክ ቤቱ የኦቦ ዱሬሳ ዱላና ኮዳ ተገኝቷል።

የጣቢያው አዛዥ ኮማንደሩ ወዲያው ደወለ። «ተያዘ አሉኝ። ጥሩ ነው። ሐሙስ ሳይደርስ ዝጊው።»

«ገና አላነጋገርኩትም።»

«ዱላው እጁ ላይ ነው፣ መናፈሻው ውስጥ ነው የሚውለው። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

የምትፈልገውን ታውቃለች። ኦልጅራ ገዳይ ከተባለ ዘካሪያስ እንዳለው ቦታው የዱርዬ ማደሪያ ይባላል። ሐሙስ የሚመጣው ኮሚቴ ሰውየው ለምን እንደሞቱ አይጠይቅም። አጥሩ ፈርሶ መጋዘን ይቆማል፤ ኦቦ ዱሬሳም በጭራሮ ለቃሚ የተገደሉ ዘበኛ ሆነው ይቀራሉ።

«እስከ ሐሙስ ጊዜ ስጠኝ» አለች።

ኮማንደሩ ተነፈሰ። «እስከ ረቡዕ።»

ኦልጅራ አግዳሚው ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል።

«ዱላው ከየት መጣ?»

«ፋዘር ናቸው የሰጡኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ዝቋላ ብለው ወጡ አይደል? ከዚያ በወንዙ በኩል ዞረው መጡ። ‹ኦልጅራ፣ ይቺን አስቀምጥልኝ። የጠየቀህ ካለ ዝቋላ ሄዷል በል› አሉኝ። አልኩ።»

«እኛ ስንይዝህ ይህን ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ? ‹ለምን ገደልካቸው› ነው የሚሉኝ። ለዚህ ምን መልስ አለው?» ዓይኑ ቀላ። «እኔ እኮ እሳቸውን... አቦ ተዪኝ።»

«ምሽት ላይስ?»

«ሀይረዲን ጋ ስኳር ሳወርድ። መኪናው ለአዲሱ ባቡር የተቆፈረው መንገድ ላይ ተይዞ አምሽቶ ነው የመጣው። ትከሻዬን እዪው።»

ሸሚዙን ገለጠ። የጆንያው ሸካራ ትከሻውን ፈግፍጎታል። ሀይረዲንም ሲጠየቅ አላመነታም። «ከመግሪብ እስከ ዒሻ ከዓይኔ አልጠፋም። እንዲያውም ሶላቴን ያሳለፈኝ እሱ ነው።»

አመሻሽ ላይ አስካለማርያም ወደ ዕድሩ ዕቃ ቤት አለፈች። አቶ ሀብተሚካኤል አግዳሚዎቹን እየቆጠሩ ያስወጡ ነበር።

«ለሁሉም የምጠይቀው ነው፣ ጋሽ ሀብቴ። ቅዳሜ ምሽት የት ነበሩ?»

«ጠይቂ እንጂ፣ ሥራሽ ነው። ድንቅነሽን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ታማለች እኮ፣ ሰንብታለች። እዚያው አመሸሁ።»

«ማን ሊጠላቸው ይችላል?»

ሽማግሌው መዳፋቸውን አዩ። «ዱሬሳን የሚጠላ የለም» አሉ።

*

ሰኞ የዝቋላ አቦ ንግሥ ነው። አስካለማርያም ከጣቢያ ወደ መናፈሻው ስትሄድ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ አቶ ፈቀደ ደጃፋቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ጥሩምባውን በጨርቅ ይወለውላሉ። ሰላም ብላቸው አለፈች። አሥር እርምጃ ያህል ሄዳ ቆመች።

አቶ ፈቀደ በዛሬዋ ቀን አቃቂ ሆነው አያውቁም። ልጅ ሆና ታስታውሳለች፤ በየዓመቱ የንግሡ ዋዜማ የምዕመናኑ አውቶቡስ ከቤተክርስቲያኑ ደጅ ሲነሣ ፊት ለፊት ተቀምጠው ጥሩምባቸውን በመስኮት የሚነፉት እሳቸው ናቸው። ያ ጥሩምባ የሞት ዜና የማይናገርበት ብቸኛ ቀን ነው። ትናንት ጠዋት ግን ሰፈር ውስጥ ሆነው ለኦቦ ዱሬሳ ነፉ።

ተመለሰች።

«ጋሽ ፈቀደ፣ ዘንድሮ ዝቋላ ቀሩ?»

«ተዪኝ እስቲ ልጄ» አሉ፣ ጨርቁን ጉልበታቸው ላይ ጥለው። «አውቶቡስ ላይ ወጥቼ፣ ቦታዬን ይዤ፣ ወረድኩ እኮ! አሁን ሰዉ ተራራው ጫፍ ሐይቁን እየዞረ ነው፤ እኔ እዚህ ብረት እወለውላለሁ።»

«ማን አስወረደዎት?»

«ጋሽ ሀብቴ ነዋ። ጎህ ሲቀድ፣ ቅዳሴ ሊገባ ሲል። በመስኮቱ በኩል መጡና ‹ፈቀደ፣ ዛሬ ከሰፈር አትራቅ፤ ልትፈለግ ትችላለህ› አሉኝ። ሊቀመንበር ነው የሚናገረው፤ ምን ትያለሽ? ወረድኩ። በኋላም እውነታቸውን ሆነ፣ ዱሬሳ...»

«ያኔ ግን ኦቦ ዱሬሳ ገና አልተገኙም ነበር።»

«አዎ፣ አልተገኘም። እኔ የመሰለኝ ድንቅነሽን ነው። ጣር ላይ ናት ብዬ። የማንንም ስም አልጠሩልኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። የሊቀመንበር ቃል ማን ይመረምራል?» ቀና ብለው አዩዋት። «ምነው? ፊትሽ ተለወጠ።»

«ምንም አይደለም፣ ጋሽ ፈቀደ። በርቱ።»

እትዬ ድንቅነሽ ጣር ላይ አልነበሩም። ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

«ማነው እኔን የገደለኝ?» አሉ፣ ወሬውን ሲሰሙ ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አኑረው። «ሐሙስ ነው የተነሣሁት! ቅዳሜ ሀብቴ መጥቶ ገንፎ ስውጥ አላገኘኝም? ‹አንቺ ሴትዮ፣ አፈሩን አራገፍሽው› ብሎ ሳቀ እኮ።»

«አመሹ?»

«የት ያመሻል! ጀምበር ሳትጠልቅ ነው የወጣው። ‹ድንኳኑን ላናፍስ› ብሎ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደ።» እጃቸው በምስሩ ላይ ቆመ። ሞኝ ሴት አይደሉም። የመርማሪዋን ፊት ለረጅም ጊዜ አዩ። «አስካለ... ሀብቴ?»

«እስካሁን ለማንም አይናገሩ፣ እትዬ ድንቅነሽ።»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

*

በዕድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ ድስቱ፣ ምንጣፉ፣ የመቃብር መቆፈሪያው ሁሉ በሥርዓት ተቀምጧል። አሻግሬ ዶማዎቹን አንድ በአንድ አነሣ። ከኋላቸው፣ በደንዳናው ጀርባው ካስማ የሚመቱበት መጥረቢያ ተደግፏል። ብረቱ ታጥቧል፤ እጀታውን ሲጨብጠው ግን መዳፉ ተጣበቀበት።

«የዋርካ ወተት» አለ፣ ጣቶቹን እየከፈተና እየገጠመ። ይህን ጊዜ አልቀለደም። «በውሃ እንደማይለቅ ልጅ ሆኜም አውቀዋለሁ። ወፍ እናጠምድበት ነበር።»

አቶ ሀብተሚካኤል ደጃፉ ላይ ቆመዋል። መቼ እንደመጡ አልታየም።

«ሳጅን፣ ውጪ ሁነህ ጠብቀኝ» አለች አስካለማርያም።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ሽማግሌው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እሷ ቆመች።

«ጋሽ ሀብቴ፣ እሁድ ጎህ ሲቀድ ማን እንደሞተ አውቀው ነው ጥሩምባ ነፊውን ከአውቶቡስ ያስወረዱት?»

ከውጪ የከባድ መኪና ጡሩንባ ጮኾ አለፈ።

«እትዬ ድንቅነሽ ደህና እንደሆኑ ያውቃሉ፤ ቅዳሜ አይተዋቸዋል። በሰፈሩ ሌላ የታመመ የለም። አንድ ሰው ብቻ ነበር የሞተው፤ እሱንም ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።»

«ለሁለት ቀን ይሄዳል እኮ ፈቀደ» አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው ከወትሮው አልተለየም። «እሱ ዝቋላ ከወጣ ማን ይነፋል? ዱሬሳ ልጅ የለው፣ ወንድም የለው። ጥሩምባ ሳይነፋለት፣ ሰው ሳይሰማ፣ እንደ ውሻ ይቀበር? ሃያ ዓመት ሊቀመንበር ሆኜ አንድ አባል ያለ ጥሩምባ አላስቀበርኩም።»

«እርስዎ የገደሉትን አባል።»

«እኔ የገደልኩትን አባል» አሉ።

ከዚያ ነገሩን ራሳቸው አወጡት። ዘካሪያስ መጥቶ ነበር። ባለሀብቱ መሬቱን ካገኘ ለዕድሩ አዳራሽ ይሠራል፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ለዕቃው መደርደሪያ ያለው። ለራሳቸው ምንም አልጠየቁም። ዛፎቹ ከደረቁ ሰዉ መናፈሻውን ይተወዋል፣ ኮሚቴውም አይከራከርም ብለው አሰቡ። ሦስቱን ሾላ ላጡ። ቅዳሜ ዱሬሳ ዝቋላ ሄዷል ሲባል ለዋርካው መጡ። ግማሹን እንደዞሩ ዱሬሳ ከሥሩ ተነሥቶ ጋቢያቸውን ያዘ።

«‹ሀብቴ፣ አንተ?› ነው ያለኝ። ሌላ ነገር ቢለኝ... ሊጮህ ዞረ። ሰዉ መጥቶ ሊያየኝ ነው። መጥረቢያው እጄ ላይ ነበር፤ በጀርባው መታሁት።» መዳፋቸውን ገለበጡ። «ድንኳኑ ስንት ቦታ እንደተጣፈ አንቺ ታውቂያለሽ። የባልሽ ለቅሶ ላይ ዝናቡ በሴቶቹ ላይ ሲወርድ አላየሽም? እኔ ያን ቀን ነው አዳራሽ ያልኩት። በአንቺ አፍሬ።»

አስካለማርያም ዝናቡን ታስታውሳለች። ድንኳኑ ያፈሰሰው በእሷ ጭን ላይ ነበር። በቀኟም በግራዋም የተቀመጡት ሴቶች ከነጠላቸው ውሃ እየተንጠባጠበ አንዲትም ሳትነሣ አብረዋት አደሩ።

«ያን ቀን ማንም አልተነሣም፣ ጋሽ ሀብቴ» አለች። «እኔ የማስታውሰው ያንን ነው።»

ሽማግሌው አጎነበሱ። ከዚያ ተነሡ፤ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከአንገታቸው አውጥተው አግዳሚው ላይ አኖሩ።

«በመናፈሻው በኩል አትውሰጂኝ።»

በአስፋልቱ በኩል ወሰደቻቸው።

*

ዘካሪያስ በዚያው ቀን ለጥያቄ ተጠራ፤ ዛፎቹን በማስጠፋት ተጠርጥሮ መዝገብ ተከፈተበት። ኦልጅራ ተለቀቀ። ኮማንደሩ ነገሩን ሰምቶ፣ «ዕድር? የዕድር ሊቀመንበር?» ብቻ አለ።

ሰፈሩ ግን ተሰበረ። ማክሰኞ ጠዋት ሬሳው ከሆስፒታል ሊመጣ ሲል አባላቱ በዕቃ ቤቱ ደጅ ተሰበሰቡ። አንዱ ዕድሩ ይፍረስ አለ። ሌላው በዚያ መጥረቢያ ካስማ ተመትቶ የሚጣል ድንኳን ሥር አልቀመጥም አለ። አቶ ፈቀደ ጥሩምባቸውን መሬት ላይ አኑረው ያለቅሳሉ። «አፌን ይቁረጠው፤ ‹እውነታቸውን ሆነ› ብዬ ነበር እኮ!»

እትዬ ድንቅነሽ ምርኩዛቸውን ተደግፈው መሐል ገቡ።

«ሰው ነው ያጠፋው፤ ዕድር አላጠፋም። መጥረቢያውን ፖሊስ ወስዶታል፤ ካስማውን በድንጋይ ምቱ። ይልቅ ንገሩኝ፣ ለቅሶ የሚቀመጡት የት ነው?»

«ሟች ቤት ነዋ፣ እትዬ።»

«የዱሬሳ ቤት የት ነው?»

ሁሉም ተያየ። ኦቦ ዱሬሳ ሌላ ቤት አልነበራቸውም። መናፈሻው ውስጥ፣ ከዋርካው ጥላ ሥር ያለች የቆርቆሮ ጎጆ ነበረቻቸው።

«እንግዲህ ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉ ሴትዮዋ። «ሣልስቱ ሐሙስ ነው።»

በዚያው ቀን ቀበሯቸው። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ዋርካው ሥር ተጣለ። አንድ ድንኳን አልበቃም። የባቡር ሰፈር ያለውን አወጣ፤ ከማዶ ያለው ዕድር ሳይጠየቅ የራሱን አመጣ። ሀይረዲን የሱቁን ሸራ አንስቶ ጨመረ፤ የሱቁ ጎረቤቶች እነ ኡሙልኸይርም ምንጣፋቸውን ይዘው መጡ። ከፋብሪካ ፈረቃ የወጡት ሠራተኞች ከአውቶቡስ እየወረዱ ቱታቸውን ሳያወልቁ ገቡ። ኦልጅራ የዋርካውን ቁስል በጭቃና በእበት ለሰነው፤ በጆንያ ጠቅልሎ አሠረው። ግማሽ ልጡ ደህና ነው፤ ይተርፋል ይላል።

ረቡዕ ኮማንደሩ ደወለ። «ነገ ኮሚቴው ይመጣል። ያ ድንኳን እንዲነሣ አድርጊ።»

«ሣልስት ሳይደርስ የለቅሶ ድንኳን የሚያስነሣ ፖሊስ በአቃቂ አልተወለደም፣ ኮማንደር» አለች። «ከሌላ ክፍለ ከተማ ካመጣህ እሱን እንጃ።»

ከወዲያ የመጣው ድምፅ ሳቅ ይሁን ሳል አልለየችም። «እሺ» አለ። «ሥነ ሥርዓት አስከብሪ እንጂ።»

*

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሁለት ነጫጭ መኪኖች በመናፈሻው በር ቆሙ። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ጥቁር ሱፍ የለበሱ ጎልማሳ፣ የተጠቀለለ ፕላን በብብታቸው ይዘው ወረዱ። ሦስት እርምጃ ገብተው ቆሙ። ባዶ መሬት፣ የዱርዬ ማደሪያ ተብሎ ነበር የተነገራቸው። ከዋርካው ሥር ጀምሮ እስከ አጥሩ ድረስ ሰው ተቀምጧል። ሽማግሌ፣ ሴት፣ ባለ ሱቅ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ቆቡን ያወለቀ የመኪና ሾፌር። ማንም አልጮኸም፤ ማንም መፈክር አልያዘም። ለቅሶ ነው።

ሰብሳቢው የአገሩ ሰው ናቸው። ለቅሶ ላይ ቆሞ ስለ ሊዝ የሚያወራ ሰው ገና አልተፈጠረም። ፕላኑን ለሾፌራቸው መልሰው ሰጡ። አብረዋቸው የመጡትም ተከተሏቸው። አግዳሚ ተለቀቀላቸውና ተቀመጡ። ንፍሮ ቀረበ፤ በእፍኛቸው ተቀበሉ። ሰዉ እንደተቀመጠ ተቀመጡ፣ ሰዉ ዝም እንዳለ ዝም አሉ። ቀና ሲሉ ከላይ ዋርካው ነበር።

በመጨረሻ ሰብሳቢው ወደ እትዬ ድንቅነሽ ጎንበስ ብለው፣ «እናቴ፣ የሟች ቤተሰቦች የትኞቹ ናቸው? እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብዬ ልሂድ» አሉ።

እትዬ ድንቅነሽ ዙሪያቸውን አዩ። አገጫቸውን ከፍ አደረጉ።

«ከፊትህ ጀምሮ እስከ አጥሩ ድረስ ነው፣ ልጄ። ካሻህ ጀምር።»

ሰብሳቢው ተነሡ። ከዚያ ጀመሩ። ለአቶ ፈቀደ እጃቸውን ሰጡ፤ ለሀይረዲን ሰጡ፤ ለኦልጅራ ሰጡ፣ እሱም በሁለት እጁ ተቀበላቸው። ማልያውን አውልቆ ሬሳ ለሸፈነው ልጅም ሰጡ። ለእያንዳንዱ «እግዚአብሔር ያጽናህ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» እያሉ በረድፍ በረድፍ አለፉ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። የሥራ ጓደኞቻቸውም ከኋላቸው ያንኑ አደረጉ። ቦታው በመናፈሻነት እንዲጸና የተወሰነው ውሳኔ በጽሑፍ የመጣው ኅዳር ገብቶ ነው፤ የተቀመጠው ሰው ግን ያኔ፣ ከእጅ አጨባበጣቸው አውቆታል።

አስካለማርያም አጥሩ ጋ ቆማ ነበር፣ የደንብ ልብሷን ለብሳ፣ ሥነ ሥርዓት ልታስከብር። ሰብሳቢው የመጨረሻውን ረድፍ ጨርሰው ፊቷ ደረሱ። ማዕረጓን አዩና እጃቸው መሐል መንገድ ላይ ቀረ፤ በሥራ ላይ ያለ ፖሊስ እንጂ ለቀስተኛ አልመሰለቻቸውም።

አስካለማርያም ቆቧን አወለቀች። ብብቷ ውስጥ አደረገችው። ከዚያ ቀጥ ብላ ቆማ እጇን ዘረጋች።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሏት።

«አሜን» አለች።